ሪሳይክል ቢን ሳያውቅ የሚጠፋ ፋይል

«ወንድሜ፣ ከየት ሆነህ ነው ያጠፋኸው?» ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ኢትዮጵያዊ፣ ያወረደው ፊልም የጠፋበት ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ደንበኛው ሪሳይክል ቢኑን ከፍቶ ባዶ ሆኖ ስላገኘው ቫይረስ ጠርጥሯል። ፊልሙን የጠረገው ግን ማውረጃው ፕሮግራም ነው። ደንበኛው ያለቀውን ሥራ ከፕሮግራሙ ዝርዝር ሲያነሳ፣ «ፋይሉም ይጥፋ» የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት ነበረባት።

ሪሳይክል ቢን እ.ኤ.አ. በ1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር መጣ፤ አፕል በ1983 ባወጣው ሊዛ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ቀድሞ ነበረው። ጥቅሙን ሁሉም ያውቃል። ውስጡ ግን ከሚታሰበው በላይ ብልህ ነው። ከቪስታ ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች አንድ ፋይል ቢኑ ውስጥ ሲገባ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው ይዘቱን ይይዛል፣ ትንሹ ደግሞ የቀድሞ አድራሻውን፣ መጠኑንና የተሰረዘበትን ሰዓት ይመዘግባል። ፋይሉ «ሪስቶር» ሲባል ወደ ነበረበት ፎልደር የሚመለሰው በዚያች መዝገብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተሰረዘ ነገር ሁሉ በዚህ ቅርጫት የሚያልፍ ስለሚመስለው ነው። አያልፍም። ዊንዶውስ ለፕሮግራም ሠሪዎች ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ ፋይሉን በቀጥታ የሚያጠፋ ትእዛዝና መመለስ እንዲቻል ወደ ቢኑ የሚያዛውር ትእዛዝ። በመዳፊት ተጭነን ዲሊት ስንል የምንጠቀመው ሁለተኛውን ነው። ማውረጃ ፕሮግራም የትኛውን እንደሚጠቀም የሚወስነው ሠሪው ነው፤ በቀጥታ የሚያጠፋውን ከመረጠ ቢኑ ወሬውንም አይሰማም።

ሠሪዎቹ ይህን የሚመርጡት ያለምክንያት አይደለም። ብዙ ማውረጃዎች አንዱን ፋይል ቆራርሰው ያመጡና ቁርጥራጮቹን ገጣጥመው ጊዜያዊዎቹን ያጠፋሉ። እነዚያ ሁሉ ቢኑ ውስጥ ቢከማቹ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ አይለቀቅም፤ ቢኑ ውስጥ ያለ ፋይል አሁንም ዲስኩ ላይ ነውና። ችግሩ ለቁርጥራጭ የወጣው ደንብ ላለቀ ፊልምም ሲሠራ ነው።

ፍላሽ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙን መውቀስ አይቻልም። ከፍላሽ የተሰረዘ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ወደ ቢኑ አይሄድም፤ ሺፍት ተይዞ ዲሊት የተደረገውም እንዲሁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ወደ ቢን ለመላክ ማረጋገጫ አይጠየቅም፤ «በቋሚነት ላጥፋ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን ፋይሉ ወደ ቢኑ አይሄድም ማለት ነው። ሳያነቡ «የስ» ወይም «ዊ» የሚጫኑ ደንበኞች ቆም ብለው ሊያነቡት ይገባል። ጅቡቲ የብዙ የባሕር ሥር ኢንተርኔት ኬብሎች መውጫ ብትሆንም ዳታ በፍራንክ የሚገዛ ነውና ዳግም ማውረድ ኪስ ይነካል።

ደግነቱ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። ኪውቢትቶረንት የተባለው ማውረጃ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው 5.0 ላይ፣ ፋይሎችን ከማጥፋት ይልቅ ወደ ቅርጫቱ ማዛወር የሚያስችል ምርጫ ጨምሯል። ፕሮግራሙን የጫነ ሰው መጀመሪያ ቅንብሩን ይክፈትና ይህን ይምረጥ።

ፋይሉ ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ ግን ዲስኩ ላይ ሌላ ነገር አለማውረድ ነው። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚጠፋው ቦታውን የሚያመለክተው መረጃ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ይቆያል፣ ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ሊያወጣው ይችላል። ፕሮግራሙ ራሱ ሌላ ዲስክ ላይ ይጫን። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባለው አሠራር ባዶ የተባለውን ቦታ ቶሎ ስለሚያጸዳ ተስፋው የመነመነ ነው።