የነጣው ፓራውልት

ላቫጆ ውስጥ የመጨረሻዋ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ናት። መኪናው ታጥቦና ደርቆ ካበቃ በኋላ አጣቢው ልጅ ጥግ ላይ ከተቀመጠች ጣሳ ጨርቁን ይነክርና ፓራውልቱን ማሸት ይጀምራል። ጣሳዋ ውስጥ ያለው ናፍታ ነው፤ አንዳንዴም የተቃጠለ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። አመድ መስሎ የገባው ፕላስቲክ በደቂቃ ውስጥ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ባለመኪናው ደስ ብሎት ጉርሻ ያክላል። እኔም ለአሮጌዋ ሃይሉክሴ ስል ለዓመታት ሳክል ኖሬያለሁ። ቅዳሜ የጠቆረው ግን ረቡዕ ሳይደርስ ተመልሶ ይነጣል፤ በዚያ ላይ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ለጥፎ ይመጣል።

ልጁ አላታለለኝም። እሱም እኔም ያላወቅነው ነገር ነበር። ያ ንጣት ቆሻሻ አይደለም፤ የተላጠ ቀለምም አይደለም። የተጎዳው የፕላስቲኩ ቆዳ ራሱ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የአሮጌ ፒካፑን ጥቁር ፕላስቲክ ወደ መልኩ ለመመለስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ያልተረዳ ግን በየሳምንቱ ይከፍላል፣ ከዚያም አልፎ መኪናውን ይጎዳል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ፓራውልቱን ፈትቶ ጀርባውን ያየ ሰው በላቲን ፊደል የተቀረጸ አጭር ጽሑፍ ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ፒፒ» ብሎ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። «ኢፒዲኤም» የሚል ከተከተለው ሲጋጭ ቶሎ እንዳይሰነጠቅ ጎማ ተቀላቅሎበታል። መጨረሻው ላይ «ቲ» ወይም «ቲዲ» ከቁጥር ጋር ከተጻፈ ደግሞ ለማጠንከሪያ የገባው የታልክ ድንጋይ ዱቄት በመቶኛ ስንት እንደሆነ ይናገራል። በጎማዎቹ ዙሪያ ፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈው ሰፊ ፕላስቲክና ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ጥቁር መሸፈኛም ብዙውን ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ይህ ፕላስቲክ ከጋራዣችን ቋንቋ ጋር የአገር ልጅ ነው። ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ ጋቢና የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፖሊፕሮፒሊንንም እ.ኤ.አ. በ1954 በሚላኖ ፖሊቴክኒክ የሠሩት ጁሊዮ ናታና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ናታ እ.ኤ.አ. በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ርካሽ ነው፣ ድንጋይ ሲመታው እንደ ላሜራ አይጎደጉድም። ፒካፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሚመቱትንና የሚፋቁትን ቦታዎች በእሱ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው።

ጥቁረቱ የተቀባ አይደለም። ፕላስቲኩ ገና ሲቀልጥ በፋብሪካ የተዘጋጀ ጥላሸት ይደባለቅበታል። ጎማን የሚያጠቁረው፣ ጣሪያ ላይ የምናስቀምጠውንም ጥቁር ሮቶ ፀሐይ እንዲችል የሚያደርገው ይኸው ጥላሸት ነው። የፀሐይን ጎጂ ጨረር ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቢጫ ጀሪካን ደጅ ከርሞ በእጅ ሲነኩት እየተፈረፈረ፣ ጥቁሩ ታንከር ከላይ ሆኖ ዓመታት የሚቆየው አንድም በዚህ ነው። በፓራውልቱ ውስጥ ከጥላሸቱ ሌላ ጨረሩ የሚያስነሳውን ጉዳት የሚያበርዱ ኬሚካሎችም ገብተዋል። እነዚህ ግን እየሠሩ ያልቃሉ።

ሲያልቁ የሚሆነው ይህ ነው። ፖሊፕሮፒሊን እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ነገር ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ በየሁለተኛው ካርቦን በቀላሉ የሚነጠቅ ሃይድሮጂን አለ። አልትራቫዮሌት ጨረር ይነጥቀዋል፣ የአየሩ ኦክስጅን ገብቶ ይይዛል፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ የተበጠሰው ጫፍ ደግሞ ጎረቤቱን ይበጥሳል። ጉዳቱ ጥልቅ አይደለም፤ ላይ ላዩን ነው። እዚያ ግን ዓይን የማይለየው ስንጥቅ ይሞላል፣ የታልኩ ዱቄትም ይገለጣል። ያኔ ብርሃኑ ገብቶ በጥላሸቱ ከመዋጥ ይልቅ ከስንጥቅ ስንጥቅ እየተንጸባረቀ ይበተናል። ግልጽ ጠርሙስ ሲደቅቅ ነጭ ዱቄት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠርሙሱ ቀለም አላገኘም፣ ተሰባበረ እንጂ።

እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች አየሩ ስለሚነፍስ ፀሐዩን እንንቀዋለን። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያም ላይ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናቷ ላይ ታልፋለች። ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ሲጨመርበት፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ የሚቆም ፒካፕ የሚውለው ከባድ እሳት ላይ ነው።

ፕላስቲኩ ይዳን አይዳን ለማወቅ አንድ ጭልፋ ውሃ ይበቃል። በደንብ ታጥቦ በደረቀው ፓራውልት ላይ ውሃ አፍስሱና ተመልከቱ። የዋልካ አፈር ዝናብ ሲነካው ጥቁር፣ ሲደርቅ አመድማ እንደሚሆነው፣ ፓራውልቱም ርሶ ከጠቆረ ጥላሸቱ ከነኃይሉ ውስጥ አለ። ውሃው ስንጥቁን ስለሞላው ብርሃኑ መበተኑን አቆመ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው እንደ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ፣ እንደ ውሃው ግን ተኖ የማይጠፋ ነገር ነው። ርሶም ቡራቡሬ ሆኖ ከቀረ፣ ወይም በጣት ሲጠረግ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ ቆዳው በጣም ተጎድቷል፤ ወደ ቀለም ነው የሚኬደው።

የናፍታዋም ጣሳ ምስጢር እዚህ ጋር ይፈታል። ናፍታ ስንጥቁን ይሞላል፣ ስለዚህ ያጠቁራል። ግን አይደርቅም፣ አይጠነክርም፤ አቧራ ይጠራል፣ በፀሐይና በዝናብ ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ የነዳጅ ዘይት ሲነካው የሚያብጥና የሚለሰልስ መሆኑ ነው። የበርና የመስኮት ጎሚኒዎች በአብዛኛው ከዚህ ጎማ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከፓራውልቱ አልፎ በሩን ያዳረሰ የናፍታ ጨርቅ ጎሚኒውን ያበላሻል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ የሚበልጠው እጥበቱ ነው፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው የሚቀጥለው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የፓራውልቱ ገጽ ሆን ተብሎ እንደ ቆዳ ሸካራ ተደርጓል፣ ጭረት እንዳይጎላበት። በዚያ ሸካራ ውስጥ የዓመታት ዘይት፣ አቧራና የቀለም ማብሪያ ሰም ተጋግሯል። ጨርቅ አይደርስበትም። ጥላ ሥር፣ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ፣ ፈሳሽ ሳሙና በሞቀ ውሃ በጥብጦ ለስላሳ ብሩሽ መያዝ፤ ለጠባቡ ቦታ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። አረፋው መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። አጥቦ እንደገና፣ አጥቦ እንደገና፤ አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወርድ። የእኔ ሃይሉክስ የናፍታ ዕዳ ስለነበረባት አራት ዙር ፈጅታለች። ቅባቱ አልሄድ ካለ ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል በንጹህ ጨርቅ ተጠርጎበት ይጠራል። ቤንዚንና አኳራጅ ግን አይነካካ፤ ፕላስቲኩንም በዙሪያው ያለውን ቀለምም ይጎዳል።

ከዚያ ማድረቅ። ሸካራው ገጽና መጋጠሚያው ውሃ ደብቆ ይይዛል፤ ማታ አጥቦ ጠዋት መሥራት የተሻለ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር የሚዋሰነውን የላሜራ ቀለም በወረቀት ፕላስተር መሸፈንም ያስፈልጋል።

ምን ይቀባ? በመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠው ሲሊኮን ያለበት ማብሪያ ከናፍታው በብዙ ይሻላል፤ ጎሚኒም አይጎዳም። ግን እሱም ደርቆ አይጠነክርም፤ ዕድሜው ሳምንታት ነው፤ ዝናብ ሲመታው በላሜራው ላይ ወርዶ መስመር ይሠራል። መኪናውን ነገ ለገዢ ለሚያሳይ ሰው ይሆን ይሆናል። ለሚነዳው ሰው አልመክርም።

ከጓዳችን የሚወጣ አንድ መፍትሔ አለ፤ የተልባ ዘይት። ሌላው የምግብ ዘይት አይሆንም፤ የኑግ ዘይት እንኳ በከፊል ብቻ ስለሚደርቅ ዝልግልግ ብሎ አቧራ ይይዛል። የተልባ ዘይት ግን አየር ሲነካው ኦክስጅን ወስዶ ይጠነክራል፤ የአውሮፓ ሠዓሊያን ቀለማቸውን በእሱ የሚለውሱት ለዚህ ነው። ስንጥቁን ሞልቶ እዚያው ይደርቃል፤ ውሃ አያወጣውም። ጥሬው ቀናት ስለሚፈጅ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው፣ ቶሎ እንዲደርቅ የተዘጋጀው ይመረጣል። በጨርቅ እጅግ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ጥቂት ቆይቶ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማንሳት ነው፤ የወፈረ ሁሉ ይጣበቃል። ጥሩ ከተሠራ ወራት ይቆያል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ አጥቶ በራሱ ጊዜ እሳት ይነሣል። ጨርቁን ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግዴታ ነው።

አቅሙ ያለው ለውጭ ፕላስቲክ ተብሎ የተሠራውን፣ ደርቆ የሚጠነክረውን መሸፈኛ ይግዛ። ትንሽ ጠርሙስ ለአንድ ፒካፕ ይበቃል፤ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ አንድ ቀን ውሃ ሳይነካው ይቆያል። እንዳያያዙ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል፤ አንዳንዱም ጨረር የሚከላከል ነገር አለበት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ይህ ነው።

በእሳት ማደስ የሚባል ነገርም ታያላችሁ፤ ሙቅ አየር በሚተፋ መሣሪያ ገጹን እየገረፉ ማጥቆር። ውጤቱ በዓይን ፊት ስለሚታይ ያማልላል። የሚሆነው የላይኛው ቆዳ ለቅጽበት ቀልጦ ስንጥቁ መገጣጠሙ ነው። ያለቀውን የፀሐይ መከላከያ ኬሚካል ግን አይመልስም፤ ስለዚህ ንጣቱ ቶሎ ይመለሳል። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እጅ ለሰከንድ ከዘገየ ፓራውልቱ ይጣመማል፣ የላሜራው ቀለምም ይቃጠላል። ይቅርባችሁ።

ቆዳው ለሞተበት ፕላስቲክ የሚቀረው ቀለም ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያፈሳል። ፖሊፕሮፒሊን ምንም ነገር እንዲጣበቅበት የማይፈቅድ ገጽ አለው። በቀጥታ የተረጨበት ቀለም በዓመቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሳ በየመንገዱ የምናየው ለዚህ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማሸት፣ ዱቄቱን ማጽዳት፣ ከዚያ ለፕላስቲክ የተሠራውን ማጣበቂያ ቀለም አስቀድሞ መርጨት፣ በላዩ ላይ የማያበራ ጥቁር። ማጣበቂያውን «አያስፈልግም» ያለ ቀለም ቀቢ ካጋጠማችሁ ሥራውን አትስጡት። ፓራውልቱ ተሰንጥቆ ወይም እየተፈረፈረ ከሆነ ደግሞ ቀለሙም አያድነውም፤ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄዶ ሌላ መፈለግ ነው።

የትኛውንም መንገድ የመረጠ ሰው መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ከታች በኩል በመዳፍ ስፋት ይሞክር፤ ሳምንት ይጠብቅ። ገና ያልነጣ ፓራውልት ያለው ደግሞ አሁኑኑ መከላከያ ቢቀባ ይሻለዋል፤ ሸራ ማልበስና ጥላ ፈልጎ ማቆምም ያው መድኃኒት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ዝናቡ አልፏል፣ የተቀባው ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል፣ ረጅሙ በጋም ገና ከፊት ነው። ማታ አጥቦ ላሳደረው ሰው ለአንድ ፒካፕ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።