የደከመውን ቆሽት የሚያግዙ ሁለት መድኃኒቶች

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያም ወዲያ ቡይት ራስና የሰሜን ተራሮች ይታያሉ። በዚህ አገር አርሰው ከሚያድሩት ገበሬዎች መካከልም በስኳር በሽታ የሚሠቃዩ አሉ። ስለዚህ «ስኳር የባለጸጋና የከተሜ ሕመም ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በጎንደር ሆስፒታል ይሰጥ የነበረው ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ የተደረገውም ሕመምተኛው ሩቅ መንገድ እንዳይንገላታ ነው።

ለመሆኑ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ምንድን ነው? ከጨጓራችን በስተኋላ ቆሽት የተባለ ዕጢ ይገኛል። ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። በዚህ በሽታ ጊዜ ሕዋሳት ለኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዙም። ቆሽት ጉድለቱን ለመሙላት አብዝቶ ያመነጫል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ዕረፍት እንዳጣ የእርሻ በሬ ይደክማል።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከተገኘ ወዲህ ጉድለቱን በመርፌ መተካት ተችሏል። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን የሰውነትን ክብደት ሊጨምር፣ መጠኑ ሲያልፍም የደምን ስኳር ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ሁለተኛው መድኃኒት ምግብ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂ.ኤል.ፒ.-1 የተባለ ሆርሞን ይመስላል። ይህ መድኃኒት ቆሽትን የሚቀሰቅሰው የደም ስኳር ከፍ ሲል ነው፤ ስኳሩ ሲወርድ ቅስቀሳው ይበርዳል። ከዚህም በላይ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱን በአንድ መርፌ ያጣመሩ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ተፈቀዱ። አንዱ ኢንሱሊንን ከውጭ ያቀርባል፤ ሌላው ቆሽት የራሱን እንዲያመነጭ ያግዛል። ስለዚህ ሁለቱ ተባብረው የደምን ስኳር አንዱ ብቻውን ከሚያወርደው ይበልጥ ያወርዳሉ።

ይሁን እንጂ ጥምሩ መርፌ በሽታውን ነቅሎ አያጠፋም፤ ዋጋውም ውድ ነው። ቆሽት ፈጽሞ ከመድከሙ በፊት ሕመሙን ማወቅ ግን ብዙ ጉዳት ያድናል። እንግዲህ እናንተ ተማሪዎች፣ ከቤተሰባችሁ መካከል ውሃ ጥም የጸናበት፣ ሽንት የሚያመላልሰው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ብታዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ምከሩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና።