የፕሮስታግላንዲን ተቀባይና የላሞች ድራት፦ አንድ መርፌ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለምን የተለያየ ውጤት ይሰጣል?

ላሞችን በሆርሞን የማድራት ዘመቻ ሲካሄድ በአንድ ቀበሌ የተሰበሰቡ ላሞች አንድ ዓይነት መርፌ በአንድ መጠን ይወጋሉ። ከሁለት እስከ አምስት ባሉት ቀናት ውስጥ ከፊሎቹ ድራት ያሳያሉ፤ ከፊሎቹ ምንም ለውጥ አይታይባቸውም። እርጉዝ መሆኗ ሳይታወቅ የተወጋች ላም ደግሞ ጽንሷን ልትጥል ትችላለች። አንድ ወይም ሁለት ላም ብቻ ላለው ገበሬ የከሸፈ ዑደት የወተትና የጥጃ መዘግየት ነው፤ የተጨናገፈ ጽንስ ግን የአንድ ዓመት ሀብት ነው፤ ገበሬው በአዳቃዩ ባለሙያ ላይ የነበረውን እምነትም ይዞ ይሄዳል። የውጤቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ በመድኃኒቱ ጥራት ወይም በባለሙያው ችሎታ ይሳበባል። ዋናው ምክንያት ግን ሆርሞኑ በሚያርፍበት ተቀባይና ከተቀባዩ በስተጀርባ ባለው የምልክት ቅብብሎሽ ውስጥ ይገኛል።

የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ማሳያ ነው። እስቴና ላይ ጋይንት ከጉና ተራራ ደጋ ይጀምራሉ፤ ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረዱ ይቆላሉ። ዝናብ ሲያጥር መኖም ያጥራል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታቀፉ ወረዳዎች መሆናቸው የሚታወቅ ነው። በበጋው ማብቂያ ላሟ የምታገኘው በአብዛኛው ገለባና የማሽላ አገዳ ሲሆን፣ ይህ የመኖ ሁኔታ ከመርፌው ውጤት ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

ፕሮስታግላንዲን ኤፍ 2 አልፋን በኢትዮጵያ ደጋ ዜቡ ላሞች ላይ መፈተን የቆየ ታሪክ አለው። በወቅቱ ኢልካ ይባል በነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ሙካሳ-ሙገርዋ፣ አዛገ ተገኝና ባልደረቦቻቸው በዚህ ረገድ ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመዋል። ኢልካን የተካው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢልሪ) ያስተባበረውና ፎገራን ጨምሮ በአሥር ወረዳዎች የሠራው አይፒኤምኤስ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2011 ዘዴውን በሐዋሳ–ዲላና በአዲግራት–መቀሌ የወተት ቀጣናዎች በጅምላ ሞከረው። ከዚያ ወዲህ የማድራት ሥራ በአማራ ክልልም የተለመደ የኤክስቴንሽን ተግባር ሆኗል።

የመርፌው ዒላማ ኮርፐስ ሉቲየም፣ ማለትም እንቁላል ከወጣ በኋላ በእንቁልጢው ላይ የሚፈጠረው ቢጫ ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ ፕሮጀስትሮን እያመነጨ ቀጣዩን ድራት ያግዳል። ፕሮስታግላንዲን በዕጢው ትልልቅ ህዋሳት ሽፋን ላይ ካለው ኤፍፒ ከተባለው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ፣ ተቀባዩ ጂ-ፕሮቲንን ያነቃቃል፤ እርሱም ፎስፎሊፔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። በህዋሱ ውስጥ የካልሲየም መጠን ያሻቅባል፤ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ሥራ ይጀምራል። ኮሌስትሮል ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገባበት መንገድ ይጠባል፤ ፕሮጀስትሮን በሰዓታት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ በኋላም ዕጢው ራሱ ይከስማል። እገዳው ሲነሣ ላሟ ኮርማ ትፈልጋለች።

ከዚህ ተነሥቶ «ተቀባዩ ካለ ምላሹ ይኖራል» ማለት የሚቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ በድራት ማግሥት ባሉት አምስት ያህል ቀናት የሚገኝ ለጋ ዕጢ መርፌው አያከስመውም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚሎ ዊልትባንክ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህን ሲመረምር ያገኘው ነገር የተጠበቀውን አልነበረም፤ ለጋው ዕጢም ኤፍፒ ተቀባይ አለው፤ ሆርሞኑም ይጣበቅበታል። ልዩነቱ የተገኘው ከተቀባዩ ወዲያ ነው። የበሰለው ዕጢ ከውጭ የመጣውን ፕሮስታግላንዲን ሲቀበል ኮክስ-2 የተባለውን ኢንዛይም በራሱ ውስጥ ያበራክታል፤ በዚህም የራሱን ፕሮስታግላንዲን እያመረተ ምልክቱን ያጎላል። ለጋው ዕጢ ይህን የማጉላት ዑደት አያስጀምርም። በበጎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ለጋው ዕጢ ፕሮስታግላንዲንን የሚያፈርስ ኢንዛይም በብዛት እንዳለው አመልክቷል። ስለዚህ ተቀባይን መቁጠር ብቻውን ምላሽን አይተነብይም። ይህ ነጥብ በብዙ የሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ «በለጋው ዕጢ ላይ ተቀባይ የለም» በሚል የተሳሳተ አጭር ማብራሪያ ተሸፍኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

የጽንስ መጨንገፍ አደጋም የሚብራራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ላሟ ባታረግዝ ኖሮ ማህፀኗ ከ16ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ በኦክሲቶሲን ተቀባይ አማካይነት ፕሮስታግላንዲን እየለቀቀ ዕጢውን ያከስመው ነበር። ጽንሱ ኢንተርፌሮን ታው የተባለ ፕሮቲን አመንጭቶ በማህፀን ግድግዳ ላይ የኦክሲቶሲን ተቀባይ እንዳይበዛ ያደርጋል፤ በዚህም ዕጢው ይተርፋል። ጽንሱ የሚከላከለው ግን ከማህፀን የሚነሣውን ምልክት ነው፤ በመርፌ የገባው ሆርሞን በደም በኩል በቀጥታ ወደ ዕጢው ይደርሳል። የላም እርግዝና ቢያንስ እስከ አምስተኛው ወር በዚህ ዕጢ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሳይመረመሩ መውጋት ማስወረድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሁኔታ በጋይንትና በስማዳ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፤ ይኸውም ዒላማው ጨርሶ አለመኖሩ ነው። የከሳችና ጥጃ የምታጠባ ላም ከወለደች በኋላ ለወራት ዑደት ላትጀምር ትችላለች። የሰውነት ስብ ሲመነምን ሌፕቲንና ኢንሱሊን ይቀንሳሉ፤ ጂኤንአርኤች የሚለቁት የአንጎል ህዋሳት ግን የሌፕቲን ተቀባይ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ መልእክቱን ከሚያደርሱላቸው መካከል ኪስፔፕቲን የሚያመነጩ ህዋሳት ይገኙበታል። ቅብብሎሹ ሲዳከም የኤልኤች ሆርሞን ምት ይሳሳል፤ የእንቁላል ከረጢቱ አድጎ ሳይፈነዳ ይጠፋል፤ ቢጫ ዕጢም አይፈጠርም። እንዲህ ባለች ላም ላይ የፕሮስታግላንዲን መርፌ የሚያከስመው ነገር የለም። መጠኑን መጨመርም ፋይዳ የለውም።

የሚጠበቀውን ውጤት በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። የላም ዑደት 21 ቀን ነው፤ ዕጢው ለመርፌው የሚመልሰው ከ6ኛው እስከ 16ኛው ቀን ነው ቢባል 11 ቀን ይሆናል። ለስሌቱ ያህል 100 ላሞች ቢቀርቡና ሁሉም ዑደት ቢኖራቸው፣ በአንድ መርፌ የሚመልሱት 52 ያህል ናቸው። ግማሾቹ ዑደት የሌላቸው ቢሆኑ ግን ቁጥሩ ወደ 26 ይወርዳል። ከ11 ቀን በኋላ የሚሰጥ ሁለተኛ መርፌ የመጀመሪያውን ክፍተት ይሞላል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ለጋ የነበረው ዕጢ ያን ጊዜ በስሏልና። የሁለተኛውን ክፍተት የሚሞላው መኖ ነው፤ ከተቻለም ፕሮጀስትሮን የያዘ በብልት የሚገባ መሣሪያ አንዳንድ ላሞችን ይረዳል።

በመሆኑም የዘመቻው ወቅት ከመድኃኒቱ ዓይነት ያላነሰ ክብደት ይገባዋል። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ስለሚዘጋ ዕቅድ ማሟያው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቢወድቅ፣ ላሞቹ የሚወጉት ሰውነታቸው እጅግ በሚጎሳቆልበት ጊዜ ነው። ከክረምቱ ሣር በኋላ ያሉት ጥቅምትና ኅዳር ከሥነ ሕይወቱ ጋር የተሻለ ይስማማሉ። የኑግ ፋጉሎ ወይም ድርቆሽ ከመርፌው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ቢቀርብም እንዲሁ።

የዜቡ ድራት አጭር፣ ብዙ ጊዜም የሌሊት ነውና በቀላሉ አይታይም። ቢሆንም ላሟን በየቀኑ የሚያየው እረኛና የምታልባት እመቤት መቼ እንደወለደች፣ ለመጨረሻ ጊዜ ኮርማ የፈለገችው መቼ እንደሆነና ከዚያ ወዲህ ኮርማ ተጠግቷት እንደሆነ ያውቃሉ። አዳቃዩ እጁን አስገብቶ እንቁልጢውንና ማህፀኑን ከመዳሰሱ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቆ ቢመዘግብ፣ ለጋ ዕጢ ያላትን፣ እርጉዟንና ዑደት ያልጀመረችውን መርፌው ከመከፈቱ በፊት መለየት ይጀምራል።