ያልተጠየቁት

በመተከል ዞን ባለችው በፓዌ፣ መንደር የሚጠራው በቁጥር ነው። ሰውን ከየት መጣህ ብትሉት «ከመንደር 7»፣ «ከመንደር 14» ይላችኋል። ቁጥሩን ያወጡት ነዋሪዎቹ አይደሉም። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌላም አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አምጥቶ በበለስ ሸለቆ ሲያሰፍር፣ ከፊሉ ወዶ ከፊሉ ተገዶ ነበር የመጣው። ሸለቆውን አገሬ የሚለውን ጉሙዝንም ማንም አማክሮት አያውቅም።

ስለ ድባቴ ሕክምና ልጽፍ ተነሥቼ ከሰፈራ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ ሰውየው አልተጠየቀም። በሌላው ዓለም የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ በድባቴ የታመመ ሰው ከኪኒንና ከንግግር ሕክምና የትኛውን ይመርጣል? በ2013 እ.ኤ.አ. በድባቴና በሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ላይ የተሠሩ 34 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ከአራት ታካሚ ሦስቱ ንግግሩን እንደሚመርጡ አሳይቷል። የፈለገውን ያገኘ ታካሚ ሕክምናውን የማቋረጥ ዕድሉ እንደሚቀንስም ሌሎች ጥናቶች ደርሰውበታል። ግን እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ሁለቱም በሚገኝበት አገር ነው። እኛ ጋ ጥያቄው ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል።

በመጀመሪያ «ድባቴ» የባለሙያ ቃል ነው። ገበሬው ወይም ባለቤቱ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የሚሉት «ሐሳብ ያዘኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ነው። ነርሷ በተሰለፈው ሰው ፊት ለእያንዳንዱ ያላት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ወባው አለ፣ ነፍሰ ጡሯ አለች። ሕመሙ ቢታወቅ እንኳ እጇ ላይ ያለው፣ ካለ፣ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ነው። በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ለብዙ አሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕሙማን ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከፓዌ እስከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ታዲያ ሕዝቡ ሳይመርጥ ኖረ ማለት አይደለም። ጸበል ይሄዳል፣ ዱዓ ያስደርጋል፣ ለነፍስ አባቱ ይናገራል፤ ከሁሉ በፊት ግን ለጎረቤቱ ቡና ላይ ይተነፍሳል። አንዳንድ ጸበል ቦታ መድኃኒት ይከለከላል፤ ያኔ ሕመምተኛው ከሁለት አንዱን እንዲተው ይገደዳል። ይህ ለእኔ ምርጫ አይባልም። ሁለቱን አንድ ላይ ለማስኬድ ፈቃደኛ የሆኑ ካህናትና ሐኪሞች የተገናኙበት ቦታ ላይ ግን መንገዱ ሲቃና ታይቷል።

ስፔሻሊስት በሌለበት የንግግር ሕክምና ይቻላል ወይ ለሚል፣ የዚምባብዌን ታሪክ ብዙዎች ያውቁታል። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጊቶችን በንግግር እንዲረዱ አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ደጅ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። በሾና ቋንቋ ለሕመሙ የተጠቀሙበት ቃል «ብዙ ማሰብ» እንደማለት ነው፤ የኛው «ሐሳብ ያዘኝ» የቅርብ ዘመዱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ 573 ሰዎች ነበሩበት፤ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልጠፋላቸው ከአሮጊቶቹ ጋር ከተነጋገሩት 14 በመቶ ገደማ፣ ከሌሎቹ 50 በመቶ ገደማ ነበሩ። የኡጋንዳው ግን ለፓዌ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። በ30 መንደሮች በተካሄደው ሙከራ ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ለ16 ሳምንት እየተሰበሰቡ፣ በሠለጠነ የአካባቢው ሰው መሪነት ተወያዩ። ቡድን የተመረጠው የአካባቢው ሰው ራሱን ከቤተሰቡና ከመንደሩ ነጥሎ ስለማያይ ነው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ጠየቁ፣ ከዚያ ሕክምናውን ቀረጹ።

ሰው ከማን ጋር ማውራት እንደሚፈልግ በፓዌ ቢጠየቅ መልሱ አንድ አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎረቤት ናት፤ ለአንዷ ይህ መተማመኛ ነው፣ ለሌላዋ ገበናዋ ቡና ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ። ቋንቋውስ? አማርኛ ገበያ ላይ ያግባባል፤ ሰው ግን ሐዘኑን የሚያወራው በእናቱ ቋንቋ፣ በጉሙዝኛ፣ በሺናሻኛ፣ በከምባትኛ ወይም በአገውኛ ነው። ደግሞ መተከል ውስጥ ቁስሉ ትኩስ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሏል፣ ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከማን ጎን ተቀምጦ እንደሚያወራ መምረጥ ለዚህ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ንግግር የማይፈልግም አለ፣ እሱንም መስማት ነው። ሦስት ሰዓት በእግሩ መጥቶ «ና እናውራ» ሲሉት «ለወሬማ ቤቴ ነበርኩ» የሚል አይጠፋም፤ ሕክምና ማለት ለእሱ መርፌ ወይም ኪኒን ነው። ስለ ሞት የሚያስብ፣ እህል የተወ፣ ከአልጋ መነሣት ያቃተው ደግሞ አለ። እሱ ዘንድ ምርጫው ይጠብባል፤ መድኃኒቱም የቅርብ ክትትሉም ሳይውል ሳያድር ያስፈልጉታል። ሲሻለው ጥያቄው ይመለስለት።

አንድ ተራ የሚመስል ነገር ይቀራል፤ ጊዜ። የንግግር ሕክምና አንድ ቀን ተቀምጦ የሚያልቅ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት፣ አንዳንዴ አሥራ ስድስት ቀጠሮ ይፈልጋል። ሰኔና ሐምሌ ላይ እርሻው አረም ሲበላው፣ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ወንዙ ሲሞላ ማን በየሳምንቱ ይመጣል? ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ሰውየው ለጨው የወጣበትን መንገድ ለራሱም ይጠቀምበታል። የትኛው ቀን እንደሚመቸው የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም።