የብረት ትምህርት ቤት በፖሀንግ

ፋብሪካ በገንዘብ ይገዛል፤ ፋብሪካን የሚያሻሽለው ዕውቀት ግን የሚገዛው ባለቤቱ ሊሸጥ በፈቀደው መጠን ብቻ ነው። ይህ ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። በሥራ ሲፈተን ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የሚወድ ሰው ግን በደቡብ ኮርያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ በፖሀንግ ከተማ የሚገኘውን፥ የብረትን ጠባይ እንዲመረምር ተለይቶ የተቋቋመውን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ታሪክ ይመልከት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ፖስኮ የተባለው የብረት ኩባንያ የቀድሞው ጄኔራል ፓርክ ቴ ጁን እየመሩት በ1968 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሲቋቋም፥ ለሥራው የሚበቃ የብረት ማዕድን በአገሪቱ አልነበረም፤ ለማቅለጫ የሚኾነውም የድንጋይ ከሰል ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። ገንዘብ እንዲያበድሩ የተጠየቁት የውጭ አገር ሰዎች ዕቅዱን መርምረው አያዋጣም ሲሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። በመጨረሻ በ1965 በተደረገው ውል መሠረት ጃፓን ለኮርያ ከሰጠችው ገንዘብ ከፍሎ ለዚሁ ሥራ ማዋል ግድ ኾነ። በዚያው በ1968 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮርያን ሲጐበኙና በቹንቾን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን መታሰቢያ ሲመርቁ፥ በፖሀንግ አሸዋ ላይ የኩባንያው ምድጃ ገና አልቆመም ነበር። የመጀመሪያው ብረት ቀልጦ የፈሰሰው በ1973 ነው።

ምድጃውን ያቆመው ገንዘብ ብቻ ሳይኾን ዕውቀቱም ከጃፓን የመጣ ነበር። ነገር ግን ተማሪው እየበረታ ሲሄድ መምህሩ መሥጋት ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ዓመታት የጃፓን ኩባንያዎች ያስተማሩት ሕዝብ በገበያ ተወዳዳሪ ኾኖ እንዳይመጣባቸው ምስጢራቸውን መቈጠብ ጀመሩ። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ማንም ነጋዴ የሚያደርገው ነው። ኮርያውያን ግን በሐዘን አልተቀመጡም። ኩባንያው በ1986 ከፋብሪካው ብዙ በማይርቅ ስፍራ ፖስቴክ የተባለውን ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ፤ በአሜሪካ ሲያስተምሩ የኖሩትን የፊዚክስ ሊቅ ኪም ሆ ጊልንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ። በማግስቱ ዓመት የምርምር ተቋም ተጨመረ። በ2005 ደግሞ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች ተቀብሎ ለማስተርስና ለዶክተርነት የሚያበቃ የብረት ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኬንያ ተወልደው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ያስተማሩት ስመ ጥሩው የብረት ሊቅ ሃሪ ባዴሺያ ሳይቀሩ ወደዚያ እየሄዱ አስተምረዋል፤ ክፍላቸውም የብረትን ጠባይ ከመቅለጡ በፊት በሒሳብ የሚተነብይ ነበር።

ፋብሪካ የወለደው ትምህርት ቤት የፋብሪካው ሎሌ ኾኖ ይቀራል ብሎ የሚሠጋ ሰው ቢኖር ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ኾኖም በ2015 የዚህ ትምህርት ቤት ሰዎች የደረሱበትን ነገር ለዓለም ሁሉ በሚነበበው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አወጡት። ጉዳዩ ይህ ነው። አረብ ብረትን ለማቅለል አሉሚኒዩም ይጨመርበታል፤ ነገር ግን ብረቱና አሉሚኒዩሙ ተጋብተው ጠንካራ፥ ዳሩ ግን ተሰባሪ የኾነ ውሁድ ይፈጥራሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ይህን ውሁድ ለማጥፋት ይደክሙ ነበር። የፖሀንግ ሰዎች ግን ጥቂት ኒኬል ጨምረው፥ ውሁዱ በናኖሜትር በሚለካ መጠን ደቆ በብረቱ ውስጥ እንዲበተን አደረጉት። ጨው በወጥ ውስጥ ድቡልቡል ኾኖ ቢቀር አፍ ያኰማትራል፤ ሟሙቶ ሲዳረስ ግን ወጡን ያጣፍጠዋል። እንደዚሁም ብረቱን ይሰብር የነበረው ነገር ለብረቱ ብርታት ኾነ፤ ቀላል፥ ጠንካራና ሲሳብ የሚዘረጋ ቅይጥም ተገኘ።

በምርመራ ክፍል የተገኘው ቅይጥ በፋብሪካ ሲፈተን ግን ሌላ ችግር ተነሣ። አረብ ብረት በፋብሪካ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫው ሲወርድ፥ ከአየር የሚከላከልና የሚያለሰልስ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ አሉሚኒዩም የበዛበት ብረት ከዚህ ዱቄት ጋር እየተዋሐደ ሥራውን ያበላሻል። ይህን ችግር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ማየት አይቻልም፤ ምድጃው በአቅራቢያ መኖሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ከማዕድኑ ውስጥ ኦክሲጅንን የሚያስለቅቀው የድንጋይ ከሰል ስለ ኾነ፥ አንድ ቶን አረብ ብረት በዚህ መንገድ ሲሠራ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይወጣል። በከሰል ፈንታ ሃይድሮጂን ቢገባ የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ነው፤ ፖስኮም ይህን መንገድ ተያይዞታል። ሃይድሮጂን ግን ለብረት የቈየ ጠላት ነው፤ በአተሞቹ መካከል ሠርጎ ሲገባ ጠንካራውን አረብ ብረት ሳይታሰብ ይሰነጥቀዋል፤ ብረቱም በጠነከረ ቍጥር ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ምድጃውን ከከሰል ጢስ የሚያድነው ጋዝ የሚከማችበትን ጋንና የሚያልፍበትን ቧንቧ እንዳይሰብር፥ የሚስማማውን ብረት ፈልጎ ማግኘት ቀርቷል።