ዝገት ከላይ ይጀምራል

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ዞር ብሎ ቁልቁል ቢመለከት ብዙ የቆርቆሮ ጣራ ያያል። አንዱ ያብለጨልጫል። አንዱ ደብዝዟል። ሌላው ቡናማ ሆኗል። ሲገዙ ግን ሁሉም ያብለጨልጩ ነበር። ታዲያ ምን አገኛቸው?

ቆርቆሮ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው ሁለት ነው። ውስጡ ስስ ብረት ነው። ላዩና ታቹ ደግሞ ዚንክ በሚባል ማዕድን ተለብጧል። ኮስፒ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኮምቦልቻ የብረታ ብረት ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ቆርቆሮ ሲያመርት ቆይቷል። ልበጣው የሚሠራው እንዲህ ነው። ብረቱ በመጀመሪያ በአሲድ ታጥቦ ይጸዳል። ከዚያ በእሳት ቀልጦ እንደ ውሃ በሆነ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። የዚንኩ ሙቀት 450 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን ዘዴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1837 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሶረል በስሙ አስመዝግቦታል። በብረቱ ላይ የሚቀረው የዚንክ ልብስ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። የቤቱ ዕድሜ ያለው በዚህች ስስ ልብስ ላይ ነው።

ብረት ለምን ይዝጋል? ማንኛውም ነገር አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በብረቱ መካከል ያለው አቶም ዙሪያውን በጎረቤት ተከቧል። እጁ ሁሉ ተይዟል እንበል። ዳር ላይ ያለው ግን በላዩ በኩል ጎረቤት የለውም። አንድ እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ ከአየርና ከውሃ ያገኘውን ይይዛል። ጅብ መጀመሪያ የሚያገኘው የመንደሩን ዳር ቤት ነው አይደል? ብረትም እንደዚሁ ከዳሩ ይበላል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና እርጥበት ከብረቱ ጋር ሲዋሃዱ ዝገት ይሆናሉ። ዝገት ደግሞ ልል ነው። ይፈረፈራል። ሲረግፍ አዲስ ብረት ይገለጣል፤ እሱም በተራው ይዝጋል።

ዚንክም ቢሆን ከአየር ጋር ይዋሃዳል። ነገር ግን የሚያወጣው ቅርፊት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እንደ ዝገት ቶሎ አይረግፍም። ቆርቆሮው ሲደበዝዝ ብዙ ሰው «ተበላሸብኝ» ይላል። ስህተት ነው። ድብዛዜው መከላከያው ነው። ከዚህም በላይ ዚንክ ለብረቱ ቤዛ ይሆናል። በምስማር ሲበሳ ወይም ትንሽ ሲጫር ብረቱ ቢገለጥም፣ ቀድሞ የሚበላው በዙሪያው ያለው ዚንክ ነው። ሰፊ ጭረት ሲሆን ግን ዚንኩ አይደርስለትም። ቆርቆሮን በድንጋይ ላይ መጎተት ክፉ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ቆርቆሮ ገዝቶ ክረምቱን መሬት ላይ ቆልሎ ያቆያል። መስከረም ላይ ሲገልጠው ነጭ ዱቄት አውጥቶ ያገኘዋል። «ሻጩ አታለለኝ» ይላል። ሻጩ ላያጠፋ ይችላል። በሁለት ቆርቆሮ መካከል ውሃ ሲታቆር በቂ አየር አይገባም፤ ስለዚህ ዚንኩ ያን ጥብቅ ቅርፊት መሥራት አይችልም። በከንቱ ያልቃል። ቆርቆሮ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ በአንድ ወገን ዘንበል ብሎ፣ አየር እንዲያገኝ ሆኖ ይቀመጥ። ከከብት ሽንት የሚነሳው የሚሰነፍጥ ሽታ አሞኒያ ይባላል። እሱም ከእርጥበት ጋር ሲሆን ዚንክን ይበላል። በበረት ላይ የተሠራ ጣራ ከታች በኩል የሚያረጀው ስለዚህ ነው፤ ንፋስ መውጫ ይተውለት። በግዢ ጊዜም ጌጁን ብቻ አትዩ። ቁጥሩ ሲበዛ ብረቱ ይሳሳል፤ ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ይልቅ ስስ ነው። ጌጅ ግን ስለ ዚንኩ ውፍረት አይናገርም። ይህን ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ያ የብረት ባዶ እጅ ጉዳት ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሰብል ይፈልገዋል፤ ሆኖም የናይትሮጅን አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው እጅግ ተጣብቀው ስለሚኖሩ አብዛኛው ሰብል ከአየር ሊወስደው አይችልም። በማዳበሪያ ፋብሪካ የሚያላቅቃቸው የብረት ገጽ ነው። ናይትሮጅኑ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ይሰነጠቃል፤ ከሃይድሮጅን ጋር ተጋብቶ አሞኒያ ይሆናል። ዩሪያ የሚሠራው ከዚህ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ጌርሃርድ ኤርትል ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ለማየት አየሩን ከውስጡ አስወጥቶ በዘጋው ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ብረት አስቀመጠ። በተራ አየር ውስጥማ ንጹሕ ገጽ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይለብስ አይቆይም። ሥራውን ሁሉ የሚያጓትተው የናይትሮጅኑ መሰንጠቅ መሆኑን አረጋገጠ። ስለ ገጽ ባደረገው ምርምር በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2007) የኖቤል ሽልማት አገኘ። የሽልማቱ ዜና የተነገረው 71 ዓመት በሞላበት ቀን ነበር።

ማዳበሪያው በብረት ገጽ ላይ ቢወለድም ከቆርቆሮ ጋር አይስማማም። እርጥበት ይስባል፤ ሲረጥብ ጨውነቱ ዚንኩን ይበላል። ስለዚህ ጆንያውን ከቆርቆሮ ግድግዳ አራቁት፤ ከሥሩም እንጨት አንጥፉለት።