ከተራክቦ በኋላ የሚቀጥለው ፉክክር

ወንዴ ነፍሳት እንስት ለማግኘት ሲታገሉ ብዙዎቻችን አይተናል። ቀንዳም ጥንዚዛዎች ይጋፋሉ፤ ፌንጣዎች በድምፅ ይወዳደራሉ። ታዲያ እንስቲቱን ያገኘው ወንዴ ውድድሩን አሸነፈ ማለት ነውን? ሁልጊዜ አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት የእንስቲቱን አካል እንመልከት። አብዛኞቹ እንስት ነፍሳት የተቀበሉትን ስፐርም በሆዳቸው ውስጥ ባለ ልዩ ከረጢት አከማችተው እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ ይጠቀሙበታል። እንስቲቱ ከአንድ በላይ ወንዴዎችን ከተቀበለች በከረጢቱ ውስጥ የባላንጣዎች ዘር ይገናኛል። ይህ የስፐርም ፉክክር ይባላል።

ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት እንግሊዛዊው የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪ ጄፍሪ ፓርከር ናቸው። ያጠኑትም በትኩስ የላም እበት ላይ የሚሰፍረውን ቢጫ የእበት ዝንብ ነበር። ከሁለት ተፎካካሪዎች የአንዱን ስፐርም በጨረር አመከኑ። የመከነው ስፐርም እንቁላል ውስጥ መግባት ቢችልም እንቁላሉ አይፈለፈልም፤ ስለዚህ የተፈለፈሉትን በመቁጠር አባቱን መለየት ተቻለ። ውጤቱ እንዳሳየው ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን እንቁላል የሚያፀንሰው የመጨረሻው ወንዴ ነው። ወንዴው ከተራክቦ በኋላም እንስቲቱ እንቁላሏን እስክትጥል ድረስ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የሚጠብቃት ለዚህ ነው።

ተራክቦውን ማራዘም ብዙ እንቁላል ያስገኛል፤ ሆኖም ጊዜው በረዘመ ቁጥር ተጨማሪው ትርፍ እያነሰ ይሄዳል፤ ሌላ እንስት የማግኘት ዕድልም ያመልጣል። ይህንን በሒሳብ ሲያሰሉት ተስማሚው ጊዜ 41 ደቂቃ ያህል ሆነ፤ በመስክ የታየው አማካይ ደግሞ 36 ደቂቃ ገደማ ነበር።

ሌሎች ነፍሳት ሌላ ስልት አላቸው። ጆናታን ዋጅ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደገለጹት፣ በአንድ ቀጭን የውኃ ተርብ ዝርያ ወንዴው የራሱን ስፐርም ከማስገባቱ በፊት ከ88 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን የቀዳሚውን ስፐርም ጠርጎ ያወጣል። ድሮሶፊላ ቢፈርካ የተባለው ጥቃቅን ዝንብ ስፐርም ደግሞ 5.8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ይህም የወንዴውን የሰውነት ርዝመት 20 እጥፍ ያህል ነው።

ፉክክሩ እንስቲቱንም ዋጋ ያስከፍላታል። ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር በተባለው ዝንብ፣ ከስፐርም ጋር የሚፈስሱ ፕሮቲኖች የእንስቲቱን ዳግም የመገናኘት ፍላጎት ይቀንሳሉ፤ ዕድሜዋንም ያሳጥራሉ። ለአባትየው የጠቀመው ለእናትየው ላይጠቅም ይችላል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ምን ይፈይዳል? በሬን ከቀንበር የሚያስቀረውን የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስ በጨረር የመከኑ ወንዴዎችን መልቀቅ አንዱ ዘዴ ነው፤ በሀገራችን ደቡባዊ ስምጥ ሸለቆም ተሠርቶበታል። የዘዴው ስኬት ግን በተለቀቁት ዝንቦች ብዛት ብቻ አይወሰንም። መካኑ ወንዴ የዱር እንስት አግኝቶ ቢገናኝም፣ እርሷ ዳግም ጤነኛ ወንዴ ከተቀበለች ድካሙ በከፊል ከንቱ ሊሆን ይችላል። ፓርከር በእበት ዙሪያ ያነሱት «አባቱ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ፣ እነሆ እስከ ገበሬያችን ማሳ ይዘልቃል።